«የሴት ተሳታፊ አልተገኘም» ለተባለው ውሳኔ፦ ከጅማ የስፖርት መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጅማ የትምህርትና የስፖርት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሴት ተማሪዎች ቡድን ከትምህርት ቤቶች ውድድር ስለመቅረቱና ስለ ስፖርት መምህራን የሥራ ሁኔታ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬን አሳጥሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ዘንድሮ በትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረገው ውድድር የወንዶች ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። የሴቶች መረብ ኳስና የሴቶች ሩጫ ቀርተዋል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ ደረሰን፦ «በቂ የሴት ተሳታፊ ባለመገኘቱ»። ስብሰባ ላይ በቃል ሲብራራ ደግሞ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ተባለ። እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት የለም ተብሎ ስብሰባው ተዘጋ። ስለዚህ እዚህ እጽፋለሁ።

እኔ በዚህች ከተማ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ የማስተምር ሴት ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በሌሎች ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ጋር ተመካክሬ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ ልጆቹ ፍላጎት አላቸው። ፍላጎቱ ያለቀበት መምህሩ ነው፤ ያለቀውም እዚሁ ሥራ ላይ ነው።

መጀመሪያ ተሳታፊ እንዴት እንደተፈለገ ልናገር። የምዝገባ ቅጹ ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ቤት ደረሰ። አርብ እንዲመለስ ታዟል። የወንዶቹ ቡድን ድሮም በየሰፈሩ አለ። የጊንጆ ልጆች ከመንደራ ኮቺ ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ይጋጠማሉ። አሰልጣኝ ባይኖራቸውም የስም ዝርዝሩን በእረፍት ሰዓት ጽፈው አመጡት። ሴቶቹ ግን ዓመቱን ሙሉ የሰበሰባቸው የለም። ኳስም ሰዓትም አልተሰጣቸውም። በአንድ ሌሊት ቡድን ሆነው እንዲያድሩ ተጠበቀ። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አሁን ወደ ክፍለ ጊዜው ልምጣ፤ ሥሩ ያለው እዚያ ነውና። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ወጥቶ ሜዳ መድረስ፣ ስም መጥራት፣ ልብስ መቀየር (የሚቀየርበት ቦታ ካለ ማለቴ ነው) ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ ይይዛል። ኳሱ አንድ ነው። ልቡ የደከመ መምህር እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ኳሱን ይወረውርና ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። ሴቶቹ ዳር ላይ ይደረደራሉ፤ የወንዶቹን ጃኬትና ስልክ ይይዛሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ጃኬት ጠባቂ ሆነው የሚጨርሱ ልጆች አሉ። ደወል ሲደወል ጃኬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ መዝገቡ ላይም «ትምህርቱ ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መምህሩ ሲሰንፍ ወንዶቹ ብዙም አይጎዱም። ወንድ ልጅ ያለ መምህርም ይጫወታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይጫወታል፣ እሁድ ይጫወታል፣ ኳስ ቢጠፋ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይጫወታል። «የት አመሸህ?» የሚለው የለም። ልጅቷን ግን ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃታል። ውሃ መቅዳት አለ፣ ታናናሾች አሉ፣ ቡና ማፍላት አለ፣ ገበያ መላክ አለ። ያ 40 ደቂቃ የሳምንቱ ብቸኛ የመሯሯጫ ሰዓቷ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰዓት የሚከፍትላትም የሚዘጋባትም መምህሩ ነው። የመምህሩ ተነሳሽነት ሲወርድ ቀድማ ከሜዳ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት የ146 አገሮችን መረጃ ያካተተ ነበር። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ ሴቶች 85 በመቶው፣ ከወንዶቹ 78 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ብሏል። በቂ የሚባለው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። እኛ በሳምንት ያለንን 40 ደቂቃ ጃኬት በመያዝ እናሳልፋለን። ጉርምስና ደግሞ አጥንት የሚገነባበት ጊዜ ነው። መዝለልና መሮጥ አጥንትን ያጠነክራል። በዚያ ዕድሜ ያልተገነባው በእርጅና ተፈልጎ አይገኝም።

መምህሩን ምን አዳከመው? ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ የሁሉም መምህር ጉዳይ ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው የእኛን ትምህርት ብቻ ስለሚነካው ነው።

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የእኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጣል፣ ለፊዚክስ ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ስፖርት ስለሌለ «ምን ይጎድላል?» ይባላል። መምህሩ ዕቅድ ያወጣል፣ ጠዋት ሲመጣ ክፍሉ በሌላ መምህር ተይዞ ያገኛል። የነገረው ሰው የለም። ይህ ሲደጋገም ዕቅድ ማውጣት ያቆማል። እናንተ ብትሆኑስ?

ሰልፍ ማስያዝ፣ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ማስቆም፣ የበዓል ቀን ወንበር ማደርደር የስፖርት መምህር ሥራ ሆኗል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «አንተ ምን አለብህ፣ ፊሽካ ነፍተህ ትበላለህ» የሚል ቀልድ አለ። አንድ ሁለቴ ያስቃል፤ ዓመት ሙሉ ሲሰሙት ግን ውስጥ ይገባል። ኳሱ ሲተነፍስ ከኪሱ አውጥቶ የሚያስጠግን መምህር አለ። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ደግሞ የሚታየው የትምህርት ዕቅዱና ማርክ ሊስቱ ነው። ሜዳ ወርዶ «ዛሬ ስንት ሴት ተንቀሳቀሰች?» ብሎ የጠየቀኝ ሱፐርቫይዘር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት አሉ። ሰው አንድን ነገር ከልቡ እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፦ በራሱ የመወሰን ዕድል፣ እችላለሁ የሚል ስሜት፣ ከሌሎች ጋር ያለ ቅርበት። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ይህን ያነበብነው ለተማሪ ብለን ነበር። አሁን ለመምህሩ አስቡት። ክፍለ ጊዜው ሳይጠየቅ ይወሰድበታል፣ ሥልጠና አያገኝም፣ ባልደረቦቹ መካከል ቀልድ ነው። ሦስቱንም ያጣ ሰው ለአንዲት ዓይናፋር የ15 ዓመት ልጅ ሦስቱን ይሰጣታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

አንድ ባልደረባዬ ግን ሞክሮት ነበር። ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ሜዳውን በኖራ ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ በሁሉም ክፍለ ጊዜ የሴቶች ሆነ። ወንዶቹ ሲያጉረመርሙ «ኳሱን አነሳዋለሁ» አላቸው፣ ዝም አሉ። ሴቶቹን በኳስ አልጀመራቸውም። በሚያውቁት ጀመረ፦ በገመድ ዝላይና በሰኞ ማክሰኞ። እነዚህ ልጆች እኮ 4ኛ ክፍል ሳሉ ሲዘሉ ውለው የማይደክማቸው ነበሩ። ከዚያ ወደ መረብ ኳስ አሸጋገራቸው። ወሩ ሳያልቅ ጃኬት የምትይዝ ሴት ጠፋች። ከትምህርት በኋላ «ቲቸር፣ ትንሽ እንቆይ?» የሚሉ መጡ። እሱም ያለ ምንም ክፍያ አብሯቸው ይቆይ ጀመር።

ቀጥሎ የሆነው እነሆ። ትርፍ የሠራው ሰዓት እንዲያዝለት ጠየቀ፤ «ማን አዘዘህ?» ተባለ። መረብ እንዲገዛ ጠየቀ፤ «በጀት የለም» ተባለ። በዚያው ሰሞን ለወንዶቹ ቡድን አዲስ ማሊያ ተገዛ። በመጨረሻ የግማሹ ሜዳ ላይ የግንባታ አሸዋ ተራገፈ። የተራገፈው በየትኛው ግማሽ ላይ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። አሁን ያ መምህር ኳስ ወርውሮ ይቀመጣል። ሰውየው ያው ነው። ልጆቹም ያው ናቸው። ዘንድሮ ከዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት አልተመዘገበችም። «ፍላጎት የላቸውም» የተባሉት እነዚህ ልጆች ናቸው።

ወደ ሴቶቹ ራሳቸው ልመለስ። «ቲቸር፣ አሞኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የወር አበባ ማለት ነው፤ በተለይ ለወንድ መምህር እንዲህ ነው የሚነገረው። ግድ የሌለው መምህር «ተቀመጪ» ይላታል፤ በየወሩ ትቀመጣለች፣ ኋላም መቀመጡን ትለምደዋለች። ግድ ያለው መምህር ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይሰጣታል፤ ካልቻለችም ነጥብ ያስይዛታል፣ ዳኛ ያደርጋታል። ከጨዋታው አትወጣም። ግን እሱስ ምን ያድርግ? መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። በሩ አይዘጋም። ልብስ መቀየሪያ ስለሌለ ልጆቹ ቱታውን ከቀሚስ ሥር ለብሰው ይመጣሉ፤ ላባቸውን ይዘው ቀጣዩ ክፍል ይገባሉ። የ15 ዓመት ልጅ ላብ ሸትታ ከወንድ ጎን ከምትቀመጥ ባትሮጥ ትመርጣለች። እኔም በዕድሜዋ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ስለ ሒጃብ ሳልጽፍ ጅማን ጻፍኩ ማለት አልችልም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ በ400 ሜትር ከወንዶቹ ግማሹን ትቀድማለች። ውድድር ላይ መስመር የሚያስይዝ ሰው «ይህን አውልቀሽ ሩጪ» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አላወለቀችም። ወደ ሜዳም አልተመለሰች። ደንቡን ማንም አልጠየቀም። ፊፋ የራስ መሸፈኛን እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዷል፤ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2017 ተከትሎታል። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቋን የተቀበለችው ሒጃብ ለብሳ ነው። ዓለም አይቶታል። የእኛ ሜዳ ዳኛ አልሰማም።

ያችን ልጅ ለመመለስ ቤቷ ድረስ ሄጄ ነበር። አባቷ በክብር ተቀበሉኝ፣ ቡናም ጠጣን። «ልጄ ብትሮጥ አልጠላም» አሉኝ፤ «የማልወደው በሰው ፊት እንድትዋረድ ነው። ደግሞስ መሽቶባት ማን ያመጣታል?» ለመጀመሪያው ይቅርታ ጠየቅኩ። ለሁለተኛው መልስ አልነበረኝም። ልምምድ 11 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ሲያልቅ ይጨልማል፣ ባጃጅም ገንዘብ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጉብኝት ለአንዲት ልጅ ከአሥር ክፍለ ጊዜ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ግን በየትኛው ቅጽ ላይ ይሞላል? የትኛው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይቆጥረዋል?

ማርክ አሰጣጡም ልጆቹን ያባርራል። ፑሽ አፕ በቁጥር፣ ሩጫ በሰከንድ፣ ያውም ክፍሉ በሙሉ እያየና እየሳቀ። አዲስ የጀመረች ልጅ ራሷን ካምናው ብታሻሽልም ማርኳ ዝቅ ይላል። ከዚያ ላይ ስለ ሰውነታቸው የሚቀልድ መምህር አለ። ስለ ራሳችን ሙያ ነው የምናገረው፤ አንሸፋፍነውም። ዘገየ ብሎ ወንዱን «እንደ ሴት አትሩጥ» የሚልም አለ። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ም በ10,000ም ኦሊምፒክ ባሸነፉበት አገር! ስድቡ ሳይገባኝ ቀረ።

ዝናቡን በአጭሩ ልለፈው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ሜዳው ጭቃ ሲሆን ትምህርቱ ደብተር ላይ መገልበጥ ይሆናል። ጥላ ያለው አንድ ሰፊ ቦታ ቢኖር፣ ኮሪደርም ቢፈቀድ፣ ገመድ ይዘለላል።

መምህር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራ የጀመሩት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ነው። ደራርቱ፣ ጥሩነሽና ቀነኒሳ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። የበቆጂ ከፍታና አየር ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ከፍታ ያለው ከተማ ግን ብዙ ነው። የእኛ ከተማም ስፖርት ትወዳለች። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባ በዓመቱ ዋንጫ ሲያነሳ ጎዳናው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን ሲጨፍሩ ከነበሩት ውስጥ የእኔ ተማሪዎችም ነበሩበት፣ ሴቶች።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ውሳኔው እንዲሻር እንጠይቃለን። የሴቶች መረብ ኳስና ሩጫ ወደ ውድድሩ ይመለሱ። ለዘንድሮ ጊዜው አልፏል ከተባለ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለብቻው ይዘጋጅ፤ ምዝገባው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይነገር።

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለማጠናከሪያ እንዳይወሰድ በጽሑፍ ይታዘዝ። በቃል የተባለው ከፈተና ሰሞን አያልፍም።

ሱፐርቪዥን ሜዳ ላይ ይሁን። ዕቅዱን እዩ፣ ግን ስንት ሴቶች እንደሚንቀሳቀሱም ቁጠሩ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሴቶችን የሚያሠለጥን መምህር ሰዓቱ እንደ ሥራ ይያዝለት። የቤት ጉብኝቱም እንደዚሁ።

በየትምህርት ቤቱ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ አንድ ክፍል ለልብስ መቀየሪያ ይሰጥ። አዲስ ግንባታ አንጠይቅም፤ የተሰበረ ዴስክ የታጨቀባቸው ክፍሎች አሉ፣ አንዱ ይጽዳ። ለመጸዳጃ ቤቱ በርሜል ውሃና ለአስቸኳይ ጊዜ ሞዴስ ይኑር።

የኳስ በጀት ሲመደብ የሴቶቹ ተለይቶ ይጻፍ። ካልተለየ የት እንደሚሄድ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሒጃብና ረጅም ሱሪ በሁሉም የትምህርት ቤት ውድድር የተፈቀደ መሆኑ ለዳኞችና ለመምህራን በደብዳቤ ይገለጽ። የሴቶች ልምምድ ከ11 ሰዓት በፊት የሚያልቅበት ፕሮግራም ይውጣ።

ማርክ ተማሪዋ ከራሷ ምን ያህል እንዳሻሻለች ይመዝን። መምህራን በዚህ ላይ የክረምት ሥልጠና እንዲያገኙ፣ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችም ለልምምድ ሲወጡ የሴቶችን ክበብ እንዲያግዙ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋገሩልን።

በአካሏ የተቀለደባት ወይም የተነካች ተማሪ የምታመለክተው ለሴት መምህርት የሚሆንበት መንገድ ይዘጋጅ። አመልካቿን ከቅጣትና ከሐሜት የሚጠብቃት ሰው በስም ይመደብ።

ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት ግን አንዳችሁ ሳይነገረን በአንድ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ብትመጡ ደስ ይለናል። የትኛውም ትምህርት ቤት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህርት
ስለ ራሴና ስለ ባልደረቦቼ
ጅማ